ጦጣዎች የወረሷት ከተማ

ባንኮክ የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። ባለቤቴን ልቡን ሲያመው ቆይቶ እዚህ ያዩት ሐኪሞች «ውጭ ሄደው ቢታዩ ይሻላል» አሉት። ልጆቼ ተረዳዱ፤ ዘመድ አዝማድም አልቀረም፤ እኔም የዕቁብ ዕጣዬን ለምኜ ቀድሜ አወጣሁ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ላይ ባለቤቴ፣ ሴት ልጄ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇና እኔ አራት ሆነን ታይላንድ ገባን። ልጁን የወሰድነው ወደን አይደለም። አባቱ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበር፤ ትምህርት ቤቱም የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ነበር። እናቱ «ለሁለት ሳምንት ማን ላይ እጥለዋለሁ?» ስትል ጊዜ አብሮን መጣ።

ለሕክምና ባንኮክ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ሆስፒታሉ እንግዳ መቀበያ ላይ ቁጭ ብላችሁ አማርኛ ትሰማላችሁ። «ማን ታሞባችሁ ነው? እግዚአብሔር ይማረው» የሚል የአገር ሰው አይጠፋም። ባለቤቴ ሐሙስና ዓርብ ሲመረመር ዋለና ውጤቱ ሰኞ ይነገራችኋል ተባልን። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዝም በሽተኛ ያስታመመ ሁሉ ያውቃል። ልጅ ደግሞ መጠበቅ አይችልም። በእንግዳ ማረፊያችን ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአልጋ ወደ አልጋ ይዘላል፤ ስልኬን ይለምናል። እኔም አያቱ እንዳይረበሹ ብዬ ስልኩንም ከረሜላውንም እሰጠዋለሁ።

«እማዬ፣ አንቺ ስታባብይው እኮ ነው እንዲህ የሚሆነው» አለችኝ ልጄ።

ይህ ንግግር በእኔና በእሷ መካከል አዲስ አይደለም። እሷ እምቢ ያለችውን እኔ በጓዳ በር እሰጠዋለሁ፤ እሷ ትቆጣለች፤ እኔም «ያያት ወጉ ነው» ብዬ አልፈዋለሁ። አንባብያን ሆይ፣ አያት የሆናችሁ ትረዱኛላችሁ፤ ወላጅ የሆናችሁ ደግሞ ከልጄ ጋር ትወግናላችሁ።

በሆስፒታሉ ለአገራችን ሕሙማን የሚያስተረጉም አንድ ወጣት ነበር። የልጁን መቁነጥነጥ አይቶ «እማማ፣ ለምን ነገ ሎፕቡሪ አይወስዱትም? በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የጦጣ ከተማ ናት» አለኝ። ቀጥሎም ጣቱን እየቆጠረ መከረኝ፤ ምግብ ይዘው እንዳይሄዱ፣ ፌስታል በእጅዎ እንዳያንጠለጥሉ፣ መነጽርዎን ቦርሳ ውስጥ ይክተቱ፣ ጦጣ ዓይን ለዓይን አይተው ጥርስ አሳይተው እንዳይስቁ፤ ጠብ የፈለጉ ሊመስላቸው ይችላል።

በሆዴ ሳቅሁ። እኔ የአዋሳን ጦጣ ያበላሁ ሰው ነኝ። በየዓመቱ ሐይቁ ዳር ስንሄድ ሙዝና ለውዝ ከእጄ ወስደው እየበሉ ከልጅ ልጄ ጋር ፎቶ ተነሥተናል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ምክሩን ሰምቼ ሳለሁ፣ ሁዋ ላምፎንግ የሚባለው አሮጌ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ እጅ ሙዝ ገዛሁና የቦርሳዬ ታችኛው ኪስ ውስጥ ደበቅሁት።

የሄድንበት ተራው ባቡር ነው፤ ቲኬቱ በጣም ርካሽ ነው። መስኮቱ ክፍት፣ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ፣ በየጣቢያው ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ ይዘው የሚወጡ ሻጮች። እኔ በልጅነቴ ከለገሃር ተነሥቼ ድሬዳዋ አክስቴ ዘንድ በባቡር የሄድሁበት ቀን ትዝ አለኝ። አዋሽ ላይ ሻጮች መስኮቱን ሲከቡት፣ እናቴ ብርቱካን በነጠላዋ ስትቀበል። ይህን ለልጁ ስነግረው ስልኬን ረስቶ አዳመጠኝ። ባቡሩ አዩታያ የተባለችውን ጥንታዊት ከተማ አልፎ በሩዝ ማሳ መካከል ወደ ሰሜን ሄደ። ለሁለት ሰዓት ያህል ስለ ባለቤቴ ልብ አላሰብሁም።

ሎፕቡሪ ከባንኮክ በስተሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ብዙ ዘመን ያየች ከተማ ናት። እንደ እኛ ጎንደር የነገሥታት አሻራ አለባት። እ.ኤ.አ. ከ1656 እስከ 1688 የነገሠው ንጉሥ ናራይ ከዋና ከተማው ከአዩታያ ሌላ ሁለተኛ መቀመጫው አድርጓት ነበር፤ የፈረንሳይ ንጉሥ መልእክተኞችንም ተቀብሎባታል። ቤተ መንግሥቱ እስከ ዛሬ አለ። ከእሱም በፊት፣ ከ800 ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ አካባቢውን የክመር ነገሥታት ሲገዙት ሦስት የድንጋይ ማማ ያለው ቤተ መቅደስ ተሠርቶባታል። ፕራ ፕራንግ ሳም ዮት ይሉታል፤ ማማዎቹ የበቆሎ ራስ ይመስላሉ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ደግሞ ሳን ፕራ ካን የሚባል ሌላ የጸሎት ስፍራ አለ። ጦጣዎቹ መኖሪያቸውን ያደረጉት በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ ነው።

የከተማው ሰው ለጦጣዎቹ ያለው ክብር ከሃይማኖቱና ከተረቱ የመጣ ነው። ታይላንዶች ራማኪየን በሚሉት ታሪካቸው ውስጥ ሐኑማን የሚባል ጀግና ጦጣ አለ። ንጉሥ ራማን በጦርነት ረድቶ ድል ካደረጉ በኋላ፣ ንጉሡ ይህችን ከተማ ለውለታው ሰጠው ይባላል። ስለዚህ ጦጣ ማብላት በረከት ነው። ሰው ለስእለቱ ሙዝና እንቁላል ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ አንድ የአካባቢው የሆቴል ባለቤት ጎብኚ ለመሳብ አስቦ የጦጣ ግብዣ አስጀመረ። ከዚያ ወዲህ በኅዳር ወር ላይ ቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ይደረደር ነበር፤ ፍራፍሬው፣ አትክልቱና ጣፋጩ እንደ ሠርግ ቤት ይከመር ነበር፤ ጦጣው ይበላ፣ ፈረንጁም ፎቶ ያነሣ ነበር።

እኛ ግን የደረስነው ግብዣው ባለፈበት ጊዜ ነው። ከባቡር ጣቢያው ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን ልጁ ቀና ብሎ «እማማ፣ ሰዎቹ ለምን ታሰሩ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከፎቅ እስከ ምድር ቤት መስኮቱ ሁሉ በብረት ፍርግርግ ተዘግቷል። ሰገነቱ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት በፍርግርግ ውስጥ ናት። ሱቁ ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ በፍርግርግ ውስጥ ነው። ውጭው የጦጣው ነው። በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ይሄዳሉ፤ የመኪና ጣሪያ ላይ ይተኛሉ፤ የሞተር ብስክሌት መቀመጫ ይቦጭቃሉ። አንዳንዱ ባለሱቅ ደጁ ላይ አሻንጉሊት ነብርና አዞ አስቀምጧል፤ ለማስፈራሪያ ነው። ሌላው ወንጭፍ ይዟል። ሳይወነጭፈው ገና ሲያነሣው ጦጣዎቹ ይሸሻሉ። የተዘጉ ሱቆችም አይተናል። ባዶውን የቀረ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ጦጣዎቹ ሙሉ በሙሉ ይዘውታል፤ ሰው አይገባበትም። እኛ አገር «ከውጭ የመጣች ጦጣ የቤቱን ባለቤት አስወጣች» ይባላል። ስሰማው ኖሬ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቤተ መቅደሱ ግቢ ስንገባ ጠባቂው ለልጁ ቀጭን ዱላ ሰጠው። በምልክት «አትምታ፣ ያዘው ብቻ» አለው። ማማው ውስጥ ስንገባ በሩ የብረት ዘንግ አለው፤ እኛ ከውስጥ ነን፤ እነሱ ከውጭ ሆነው ያዩናል። ልጁ በጣም ሳቀ፤ «እንስሳት ማቆያ ውስጥ የገባነው እኛ ነን» አለ።

እዚያው ከበሩ ሥር አንዲት እናት ጦጣ ልጇን ከፊቷ አስቀምጣ ነበር። በእጇ ረጅም ጥቁር ፀጉር ይዛለች፤ የሰው ፀጉር ነው፤ ከጎብኚ ራስ ላይ የነጨችው ይሆናል። ፀጉሩን በሁለት እጇ ወጥራ በጥርሶቿ መካከል ታስገባዋለች፤ ትጎትተዋለች፤ ታወጣዋለች፤ ታየዋለች። እንደ እኛ ጥርስ በክር እንደሚያጸዳ ሰው። ልጇ አፉን ከፍቶ ያያታል። እኔና የልጅ ልጄም አፋችንን ከፍተን አየናት። ኋላ ልጄ ፈልጋ እንዳነበበችልኝ፣ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእነዚህኑ የሎፕቡሪ ጦጣዎች እናቶች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 ጽፈዋል። እናቲቱ ልጇ ሲያያት ፀጉሩን የምትስበው እየደጋገመችና ቆም እያለች ነው፤ ልጇ ሳያያት ሲቀር ግን ያን ያህል አታደርገውም። ለልጇ ብላ የምታስተምረው ይመስላል። እኔ 34 ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬያለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሀ»ን ቀስ ብዬ፣ እየደጋገምሁ የጻፍሁት ሁሉ ትዝ አለኝ።

ያ ሁሉ ትምህርት ለእኔም ሊጠቅመኝ በተገባ ነበር። ከግቢው ስንወጣ ግን የደበቅሁት ሙዝ ትዝ አለኝ።

«ማሙሽዬ፣ እንደ አዋሳው እናብላቸው?» አልሁት።

ልጁ አመነታ። «አስተርጓሚው አይሆንም ብሎ የለ?»

«አንዲት ብቻ። እኔ አለሁ አይደል?»

ዚፑን ስከፍት የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነው። ለእነሱ ግን ደወል ነበር። ከየት እንደመጡ አላየሁም። አንዱ ትከሻዬ ላይ ወጣ፤ ሁለቱ ቦርሳዬን ያዙ፤ ነጠላዬ ተጎተተ። ልጁ በያዘው አንድ ሙዝ ላይ አንድ ወፍራም ወንድ ጦጣ ዘለለበት። ልጁ ሙዙን እንደመልቀቅ ፈንታ ጨብጦ ወደ ደረቱ ሳበው፤ ከሰው ጋር የሚታገል መስሎት ነው። ጦጣው ክንዱን ነከሰውና ሙዙን ይዞ ሄደ። ሁሉም ነገር አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» እንኳ አያስደግምም።

የጮኸው ልጁ አይደለም፤ የጮኽሁት እኔ ነኝ።

ከመንገዱ ማዶ ካለች ሱቅ አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ወንጭፏን ይዛ ሮጣ መጣች። ጦጣዎቹ ወንጭፉን ሲያዩ ተበተኑ። ልጁን በእጁ ይዛ ወደ ሱቋ አስገባችንና የፍርግርጉን በር ዘጋች። ቋንቋ የለንም። ክንዱን አየችው። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ፤ ጥቂት ደም። እኔ «ምንም አይደል» ብዬ በሶፍት ልጠርግለት ስል እጄን ያዘችኝ። ወደ ጓሮ ወስዳ ቧንቧ ከፈተች፤ ሳሙና አነሣች፤ ማጠብ ጀመረች። ታጥባለች፣ ትለቀልቃለች፣ እንደገና ሳሙና ታደርጋለች። ሊበቃ ነው ስል ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በጣቷ አሳየችኝ፤ ገና ነው። ሩብ ሰዓት ሙሉ አጠበችው። ከዚያ በስልኳ አስተርጉማ ጽሑፍ አሳየችኝ፤ ልጁ እንግሊዝኛውን አነበበልኝ። «ዛሬውኑ ሆስፒታል። ክትባት» ይላል።

ገንዘብ ልሰጣት ስል እጇን አጣጥፋ ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ አልተቀበለችም። ከሱቋ ግድግዳ ላይ የድሮ ፎቶ ተሰቅሏል፤ አንዲት ወጣት ሴት እየሳቀች ለጦጣ እንቁላል ታበላለች። ሴትዮዋ ፎቶውን አሳየችኝና ራሷን በጣቷ ጠቆመች። ከዚያ ፍርግርጉን ጠቆመች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

የመልሱን ባቡር ስንጠብቅ እኔ የማስበው ስለ ክትባቱ አልነበረም። የማስበው ልጄን ምን እንደምላት ነው። አባቷ ተኝቷል፤ ሰኞ ምን እንደሚነገራት አታውቅም፤ አሁን ደግሞ ይህ ተጨመረ። ያውም በእኔ እጅ። ታጥቧል፤ ደሙ ቆሟል፤ ሸሚዙ እጅጌው ረጅም ነው። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጠን ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ማሙሽዬ፣ ለእናትህ አሁን አንነግራትም፤ አያትህ ሲሻላቸው እንነግራታለን» አልሁት።

ልጁ በመስኮቱ ሲያይ ቆየና ዘወር ብሎ «እማማ፣ ከረሜላ ስትሰጪኝም እንደዚህ ነው የምትዪኝ» አለኝ።

አልተቆጣም፤ ሊወቅሰኝም አይደለም። ያየውን ነው የተናገረው። እኔ ግን እስከ ባንኮክ ድረስ ቃል አልወጣኝም። ከረሜላውን ስሰጠው ፍቅሬን የሰጠሁት ይመስለኝ ነበር። አብሬ የሰጠሁት ሌላ ነገር እንዳለ አላየሁም። እናቱን መደበቅ ያስተማርሁት፣ ቀስ ብዬና ደጋግሜ፣ እኔው ነኝ። ጦጣዋ እንኳ ልጇ እያያት መሆኑን ታውቃለች።

ከባቡር እንደወረድን በቀጥታ ሆስፒታሉ ሄድን፤ ልጄን በስልክ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኋት፤ ሙዙንም፣ የተሰጠኝን ምክርም፣ ልደብቃት ማሰቤንም። ስትሮጥ መጣች። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ ልጇን አቅፋ ዝም አለች። ያ ዝምታ ከጩኸት ይከብድ ነበር።

ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ «ደህና ታጥቧል፤ ማን አጠበው?» አለ። በአስተርጓሚው በኩል ያስረዳንን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ይህ ለጦጣ ብቻ ሳይሆን እዚህ አገራችን ውስጥ ለውሻ ንክሻም ያው ነውና። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በውሻ ብቻ አይደለም፤ ጦጣም፣ ድመትም፣ ሌላም አጥቢ እንስሳ ሊያስተላልፈው ይችላል። ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፤ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ። ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረና በቀጠሮው ከተፈጸመ ያድናል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። «ቁስሉ ትንሽ ናት» ወይም «ቤት ያለ መድኃኒት እንሞክር» ብሎ መጠበቅ ልጅን አሳልፎ መስጠት ነው። ደግሞም ልጆች ቅጣት ፈርተው ንክሻ ይደብቃሉ። እኔ ደግሞ እንዲደብቅ ልመክረው ነበር።

ልጁ ክንዱ ላይ ቁስሉ ዙሪያ መርፌ ተወጋ፤ የክትባቱንም የመጀመሪያውን ወሰደ። የቀሩትን በየቀጠሮው እየሄድን ጨረስን። እሁድ ዕለት አያቱ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከላቸው፤ ጦጣው በእያንዳንዱ ትረካ እየገዘፈ ሄደ። ባለቤቴ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም፤ ማሽኑ እስኪጮህ ድረስ ስቆ ነርሷ ገብታ ተቆጣችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እኔስ እዚህ የመጣሁት ልቤን ብዬ ነው፤ አንቺ ምን ጎድሎሽ ነው ጦጣ ፍለጋ የሄድሽው?» አለኝ። ሰኞ ውጤቱ መጣ። ሁለት የልብ ደም ሥሮቹ ጠበው ነበርና ተከፈቱለት። ዛሬ ቤቱ ነው፤ ጨው ቀንሱ ሲባል ብቻ ነው የሚያመው።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ ሎፕቡሪ ከዜና አልጠፋችም። ልጁ ራሱ እየተከታተለ ይነግረኛል። መጋቢት 2016 ላይ አንዲት ሴት ምግቧን ሊነጥቃት የዘለለ ጦጣ ጥሏት ጉልበቷ ከቦታው ወለቀ። ነገሩ ድንገት የመጣ አልነበረም። በኮሮና ጊዜ፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ ጎብኚ ሲጠፋ በመቶ የሚቆጠሩ ጦጣዎች በአንድ ቁራሽ ምግብ አውራ ጎዳና ላይ ሲፋጁ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን ዞሮ ነበር። ያበላቸው የነበረው እጅ ድንገት ቀረ፤ እነሱ ግን ጫካ ገብቶ መልቀምን ትተውት ቆይተዋል። የለመዱት ጣፋጭ መጠጥና ብስኩት ነው። ሆዱ የጠገበ እንስሳ ደግሞ ይዋለዳል። መንግሥት በመቶ የሚቆጠሩትን በሕክምና እንዳይወልዱ ቢያደርግም ሊደርስባቸው አልቻለም። በመጨረሻ፣ ግንቦት 2016 ላይ፣ በከተማዋ ወደ 2,500 ይጠጋሉ የተባሉትን ጦጣዎች ፍራፍሬ በተደረገበት የሽቦ ሣጥን እያጠመዱ ወደ ማቆያ መውሰድ ተጀመረ። በኅዳር 2017 ደግሞ ከማቆያው 200 ያህሉ አምልጠው ከተማ ገቡ። ከፊሎቹ ፖሊስ ጣቢያ ከበቡ፤ ፖሊሶቹም በራቸውንና መስኮታቸውን ዘግተው ውስጥ ተቀመጡ። ልጁ ይህን ሲያነብልኝ አልጋ ላይ እስኪወድቅ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ፤ ሆኖም ያቺ ሴትዮና ፎቶዋ ትዝ አሉኝ። በፎቶው ላይ የምታበላው ጦጣ ክፉ አልነበረም፤ እሷም ክፉ አልነበረችም። ከተማው በሙሉ በደግ ልብ ነው የሰጠው፤ ለበረከት፣ ለወግ፣ ለደስታ፣ ትንሽም ለገበያ። እያንዳንዱ ሰው የሰጠው አንዲት ሙዝ ነው። ጦጣዎቹ የተማሩት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሰው ቦርሳ የእነሱ ጓዳ እንደሆነ፤ ካልተሰጣቸውም መንጠቅ እንደሚቻል። ያስተማራቸው ሰው ነው። አሁን ዕዳውን የሚከፍሉት ደግሞ ሁለቱም ናቸው። አንዱ በፍርግርግ ውስጥ፣ አንዱ በሽቦ ሣጥን ውስጥ።

እኔና ልጄ አሁን ተስማምተናል። የምሰጠውን ሁሉ ፊት ለፊቷ እሰጠዋለሁ፤ እሷ እምቢ ያለችውን እኔም እምቢ እላለሁ። ቀላል አይደለም። ልጁ ዓይኑን ሲያስለመልም አንጀቴ ይላወሳል። ግን እችላለሁ። ልጄም በበኩሏ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ኬክ ፈቅዳልናለች፤ አደባባይ ወጥተን እንበላለን።

ባለፈው ክረምት አዋሳ ሄደን ነበር። ሐይቁ ዳር አንዲት እናት ፌስታል ይዘው ለጦጣዎች ለውዝ እየበተኑ፣ አጠገባቸው አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን ዘርግታ ቆማለች። የልጅ ልጄ እጄን ለቆ ወደ እሳቸው ሄደ። ክንዱን አውጥቶ ሁለቱን ጠባሳ አሳያቸውና፣ በትሕትና፣ «እትዬ፣ ፌስታሉን ይዝጉት፤ ልጅቷ እያየችዎት ነው» አላቸው።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው «ማን ነው እንዲህ ያስተማረው?» አሉኝ።

«ጦጣ» አልኋቸው።